ዝም ስለሚል ተማሪ፥ ልቡም ወደ ትምህርት ስለሚመለስበት መንገድ

በየገጠሩ ተማሪ ቤት አስተማሪን የሚያስቸግሩ ልጆች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው በጩኸቱ ያስቸግራል፤ በጩኸቱም ስለሚታወቅ ቶሎ ይመከራል፥ ይገሠጻል፥ ወላጁም ይጠራል። ሁለተኛው በዝምታው ያስቸግራል። ከኋላ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ሲጠይቁት አንገቱን ይደፋል፤ ደብተሩን ከፍቶ ከመጀመሪያው መሥመር በታች አይጽፍበትም፤ ባልንጀሮቹ ለጨዋታ ሲወጡ እሱ ከግድግዳው ሥር ተጠግቶ መሬቱን በስንጥር ይጭራል። ማንንም አይበድልም፤ ማንም ግን አያስታውሰውም። እንዲህ ሆኖ ከርሞ አንድ ሰኞ ሳይመጣ ይቀራል፤ ማክሰኞም አይመጣም፤ በወሩ ስሙ ከመዝገብ ሲሰረዝ «ይህ ልጅ ለመሆኑ የማን ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ልጅ ነው።

በብዙ መዝገብ ላይ በእንዲህ ያለው ልጅ ስም አጠገብ «ሰነፍ» የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ቃሉ አጭር ነው፥ ለመጻፍም አያደክምም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ከዓመት ወደ ዓመት፥ ከአስተማሪ ወደ አስተማሪ እየተገለበጠ ይሄዳል እንጂ ምክንያቱን መርምሮ የሚፍቀው ሰው አይገኝም። ይህን ማለት ስንፍና የሚባል ነገር የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ዳሩ ግን ሐኪም «ታሟል» ብቻ ብሎ መድኃኒት እንደማይሰጥ፥ አስተማሪም «ሰንፏል» ብቻ ብሎ ሊያስተምር አይችልም። የሰነፈው ከምን የተነሣ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው? በሁሉ ትምህርት ነው ወይስ በአንዱ? በቤቱስ፥ በመስኩስ እንዲሁ ዝምተኛ ነውን? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚሰጥ ምክርም ሆነ ቅጣት በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፥ ዝምታ በራሱ ጥፋት አለመሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ልጅ በታላላቆች ፊት ዝም ማለትን የሚማረው ገና በሕፃንነቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ እግር ያጥባል፥ ከምሰሶው ሥር ቆሞ ይታዘዛል፥ ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠይቁትም ዓይኑን ወደ ታች አድርጎ ባጭር ቃል ይመልሳል። ይህንንም ያደረገ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ይመረቃል። እንግዲህ ይህ ልጅ በ7 ዓመቱ ወደ ተማሪ ቤት ገብቶ፥ አባቱ እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ በሚያከብረው አስተማሪ ፊት ቆሞ፥ 60 ልጆች እየሰሙት ድምፅህን ከፍ አድርገህ ተናገር ቢባል፥ እናቱ ያስተማረችውን ይጠብቅ ወይስ አስተማሪው ያዘዘውን ይፈጽም? ልጁ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። አስተዋይ አስተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ለልጆቹ፥ በዚህ ቤት መናገር ድፍረት ተብሎ እንደማይቈጠር፥ እንዲያውም የታዘዙትን መፈጸም መሆኑን በግልጥ ይነግራቸዋል። ሽማግሎችም በየቤታቸው ይህንኑ ቃል ቢደግሙት ነገሩ ይጸናል፤ ልጅ ከአስተማሪው ይልቅ አያቱን ያምናልና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ምርመራ የአካል ነው። የማይሰማ ልጅ የማይታዘዝ ይመስላል፤ አጥርቶ የማያይም ልጅ የማይተጋ ይመስላል። በሕፃንነቱ ጆሮው መግል ሲያወጣ የኖረ ልጅ ብዙ ጊዜ መስማት ይከብደዋል፤ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚሰማ ስለሚመስለው ግን ጉድለቱን ራሱም አያውቀውም። አስተማሪው ከልጁ ጀርባ ጥቂት ርምጃ ርቆ ቆሞ በሹክሹክታ ስሙን ቢጠራው፥ ቀጥሎም አንድ ቍጥር ነግሮ እንዲደግመው ቢጠይቀው ነገሩ በከፊል ይገለጣል። ስለ ዓይንም እንዲሁ አንድ ዓይኑን በእጁ እየሸፈነ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ ፊደል ያልለየ እንደ ሆነ አስተማሪው ከሩቅ ሆኖ ጣቶቹን ያሳየውና ስንት እንደ ሆኑ ይጠይቀው። ትራኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ በብዙ ወረዳዎች ሕፃናትን ሲያጠቃ የኖረ ስለ ሆነ፥ ዓይኑ የሚቀላና የሚያነባ፥ ዝንብም የማይለየው ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወሰድ ለወላጆቹ መንገር ይገባል። እስከዚያው ድረስ ልጁን ከኋላ አንሥቶ ወደ ፊተኛው ወንበር ማምጣት ምንም ወጪ የለበትም። ሌላው ረኃብ ነው። ጧት አንዳች ሳይቀምስ ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል በእግሩ የተጓዘ ልጅ ከረፋዱ በኋላ ዓይኑ ቢፈዝ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ ወባና የሆድ ትልም ደም አሳንሰው ልጅን እንደሚያደክሙ የታወቀ ነው። በሆድ ሕመም የሚሠቃየውን ልጅ «ልብህን ሰብስብ» ብሎ መገሠጽ ከንቱ ድካም ነው።

አካሉ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ዝም የሚለው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ በአንድ ቦታ ላይ የተቈረጠበት ልጅ ነው። ይህ ነገር በሰፊው ሊነገር ይገባዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራ ሲሰበሰብ፥ የገበሬ ልጅ ወፍ ሊጠብቅ፥ ነዶ ሊሸከም፥ በአውድማ ላይ በሬ ሊነዳ ይቀራል። አባቱን ስለ ረዳ ማንም አይነቅፈውም፤ ሥራውም ለቤቱ እንጀራ ነው። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ባልንጀሮቹ ወንዙን ተሻግረው እሱ ከማዶ ቀርቷል። አስተማሪው የሚናገረውን ቃል አንድ በአንድ ይሰማል፥ ፍቺው ግን አይገባውም። በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቅ ያፍራል፤ በሁለተኛው ቀን የማይገባው ነገር እጥፍ ይሆንበታል፤ በወሩ ደግሞ ከየት ጀምሮ እንዳልገባው ራሱም ለይቶ አያውቀውም። ያን ጊዜ ዝም ይላል። ከውጭ ሲያዩት ልቡ የጠፋ ይመስላል፤ በውስጡ ግን «እኔ አእምሮ የለኝም» የሚል ፍርድ ፈርዶ ተቀምጧል።

ለእንዲህ ያለው ልጅ ምክር አይረባውም። የሚረባው፥ የተቈረጠበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው። ይህም የሚገኘው ወደ ኋላ እየመለሱ በመጠየቅ ነው። ለምሳሌ ልጁ ከ43 ላይ 17 ቀንስ ቢባል ዝም አለ እንበል። አስተማሪው ጥያቄውን በኀይለ ቃል ከመድገም ይልቅ «ከ47 ላይ 13 ቀንስ» ይበለው፤ ይህን ከሠራው መቀነስ ያውቃል፥ ያላወቀው ከአሥር ቤት መበደርን ነው ማለት ነው። ይህንንም ያልሠራ እንደ ሆነ «ከ7 ላይ 3» ይበለው። ከዚህም በታች ቢሆን አይፈር፥ 7 ጠጠር በእጁ ያስይዘውና 3ቱን ያስቀምጥ። ልጁ በእርግጥ የሚያውቀው ነገር እስኪገኝ ድረስ መውረድ ነው፤ ከተገኘ በኋላ ከዚያ ጀምሮ አንድ አንድ ደረጃ መውጣት ነው። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ቢሰጠው፥ ይህም ሌሎቹ ጽሕፈት በሚገለብጡበት ጊዜ ቢሆን፥ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ብዙ መንገድ ይሄዳል። በንባብም ነገሩ እንዲሁ ነው። የ4ኛ ክፍል መጽሐፍ ከፊቱ ተዘርግቶ ዝም የሚል ልጅ፥ ምናልባት ካዕብና ሣልስ የሚምታቱበት ልጅ ይሆናል፤ የቀድሞ የኔታዎች ተማሪው ያላጠናውን ቀለም ሳይለይ ወደሚቀጥለው እንዳይሻገር ይከለክሉ የነበረውም ለዚህ ነው። ሀ ሁ የሚለውን ቈጥሮ በአቡጊዳ የሚደግመው፥ ልጅ ፊደሉን በተራው ቦታ ብቻ ሸምድዶ እንደ ሆነ ይታወቅ ዘንድ ነበር። በዘመናዊው ተማሪ ቤት ግን ክፍሉ በዓመቱ ይሻገራልና ልጁ ያልያዘውን ይዞ ይሻገራል።

ስለ ቋንቋም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ቢሆንም ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቀበሌ፥ ወይም ቤተ ሰቡ ከሌላ አገር መጥቶ በሰፈረበት፥ አንዳንድ ልጅ በቤቱ የማይሰማውን ቋንቋ በተማሪ ቤት ይሰማል። እንዲህ ያለው ልጅ ዝም ቢል ገና እያዳመጠ ነው። ቋንቋውን ከሚያውቅ ልጅ አጠገብ አስቀምጦ ለጥቂት ወራት መታገሥ ይበቃል።

ሴት ልጅ ዝም ያለች እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ምርመራ ይሻል። ውኃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ፥ ታናሿን አዝላ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ተማሪ ቤት የምትመጣ ልጅ ድካሟ ይታወቃል። የወር አበባ የጀመራትም ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን ብትቀር፥ መጸዳጃው መዝጊያ የሌለው ወይም ውኃ የሌለው ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ወንድ አስተማሪ ከሚጠይቃት ሴት አስተማሪ ወይም አንዲት የተከበረች እናት ብትጠይቃት ይሻላል። ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ትናንት እጅዋን ታወጣ የነበረች፥ ትስቅ የነበረች፥ ዛሬ ድንገት ዝም ያለች ልጅ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለችው ልጅ ሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት እንደ ተላከባት ሰምታለች። «ከእንግዲህ ማንበብ ምን ይሠራልኛል?» ብላ ደብተሯን ዘግታ ተቀምጣለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። በሌላ ጉዳይ ሁሉ አስተማሪው ብቻውን ብዙ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ በዚህ ግን ከሽማግሎች በቀር የሚረዳው የለም። ለጋብቻ የሚላኩት ሽማግሎች ናቸውና «የልጅቱ ዕድሜ አልደረሰም፤ አንሄድም» ያሉ እንደ ሆነ ነገሩ ከሥሩ ይቆማል። ይህን ያደረገ ሽማግሌ ወዳጁን ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ የልጅቱን ነፍስ ግን ያድናል፤ ሰውነቷ ሳይጠና የምታረግዝ ልጅ በወሊድ ጊዜ ለሞትና እንደ ፌስቱላ ላለ ሕመም ትጋለጣለችና።

አሁን ወደ ፍርሃት እንለፍ። ስለ በትር በሽማግሎች ዘንድ ሁልጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ። «እኛ የተማርነው በአርጩሜ ነው፤ ሊቃውንቱም ሁሉ ተገርፈው ነው የተማሩት» ይባላል። ይህ ነገር ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ የሚሉት ተገርፈው የቀሩትን ብቻ ይቈጥራሉ፤ ተገርፈው የሸሹትን፥ ሸሽተውም ፊደል ሳይለዩ ያረጁትን ማንም አይቈጥራቸውም። ከ10 ልጆች 2ቱ ሊቅ ቢወጡ በትሩ ይመሰገናል፤ 8ቱ ወዴት እንደ ደረሱ ግን አይጠየቅም። የቅዱስ ያሬድ ታሪክ በዚህ ነገር ላይ የታወቀ ምስክር ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩ አጎቱ አባ ጌዴዎን ቢገርፉት ከተማሪ ቤት ሸሽቶ እንደ ወጣ፥ ከአንድ ዛፍ ሥርም ተቀምጦ ትሉ እየወደቀ እየተነሣ ዛፉን ሲወጣ አይቶ እንደ ተመለሰ በትውፊት ይነገራል። ሰው ሁሉ ስለ ትሉ ይናገራል። ዳሩ ግን ልጁን ያስሸሸው ምን እንደ ነበረ፥ ልቡን የመለሰለትም ምን እንደ ሆነ ልብ ብሎ ያየ ሰው፥ በትሩ ያስኬደው ወደ በረሓ መሆኑን ያያል። ትል ያላየ ሌላ ልጅ በዚያው ይቀር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውም ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ሕፃናት በተማሪ ቤት ከአካል ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ደንግጓል።

ከበትር በታች የሆነ ሌላ ቅጣት ደግሞ አለ፤ እርሱም ሳቅ ነው። ልጁ ተሳስቶ ሲመልስ ባልንጀሮቹ ቢሥቁበት፥ አስተማሪውም አብሮ ፈገግ ቢል፥ ያ ልጅ ከአርጩሜው ይልቅ ያን ፈገግታ ለብዙ ዓመት ያስታውሰዋል። ስለዚህ አስተማሪው በሌላ ነገር የዋህ ቢሆንም በሰው ስሕተት መሣቅን አጥብቆ ይከልክል።

እንግዲህ ምክንያቱ ከተመረመረ በኋላ ልጁን ወደ ጉባኤው እንዴት እንደሚያመጡት መናገር ይገባል። በዚህ ነገር የቀድሞው ተማሪ ቤት ያቈየው ጥበብ አለ። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ በድንገት በጉባኤ መካከል ቅኔ አምጣ አይባልም። ቀን ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጥቶ፥ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ያንንም በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ማታ ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የተጣመመውን ያቀናለታል። ወደ ትልቁ ቅኔ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት በቀላሉ ወደ ዘመናዊው ክፍል ማምጣት ይቻላል። አስተማሪው ዝምተኛውን ልጅ በዋዜማው ለብቻው ጠርቶ «ነገ ስለ ዝናም ስንማር ይህን ጥያቄ እጠይቅሃለሁ፤ ማታ አስብበትና ጧት ከደወሉ በፊት ንገረኝ» ይበለው። ጧት ልጁ መልሱን በጆሮው ይንገረው፤ የጐደለው ነገር ቢኖር ያቅናለት። በክፍሉ መካከል ሲጠየቅ የሚመልሰው አስቀድሞ ያጠናውንና መምህሩ ያጸደቀለትን ነውና አይንቀጠቀጥም። የመጀመሪያው መልስ ሁለት ቃል ቢሆን ይበቃል።

ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መታገሥም ታላቅ ነገር ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ፥ አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አመለከቱ። ይህ ጊዜ ወደ 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከፍ ባለ ጊዜ የልጆቹ መልስ እንደ ረዘመ፥ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር እንደ ጀመሩ አገኙ። ሦስት ሴኮንድ ማለት «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ቃል ቀስ አድርጎ ሁለት ጊዜ በልብ ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ የሞከረው ሰው ግን እጅግ ከባድ መሆኑን ያውቃል፤ ዝምታው አስተማሪውን ራሱን ያስጨንቀዋልና፥ ሳያስበው ጥያቄውን ወደ ፈጣኑ ልጅ ያዞረዋል። ፈጣኑ ልጅም ሁልጊዜ እጁ በአየር ላይ ነው።

አለማወቅንም ያለ ኀፍረት የሚናገሩበት በር ቢኖር መልካም ነው። በእንቆቅልሽ ጨዋታ ይህ በር አለ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፥ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ ፍቺው ያልሆነለት እንደ ሆነ «አገር ስጠኝ» ይባላል፥ እሱም አንድ አገር ይሰጣል፤ ጥቂት ከቀለዱበት በኋላ ፍቺው ይነገረውና ጨዋታው ይቀጥላል። ያላወቀው ልጅ ከጨዋታው አይወጣም፤ ሌላ ጊዜም እሱ በተራው ጠያቂ ይሆናል። አስተማሪው ይህን ሥርዓት በክፍሉ ቢያገባው፥ መልሱ ያልሆነለት ልጅ «አገር ልስጥ» ብሎ አንድ ከተማ ይጠራል፥ መልሱን ከባልንጀራው ይሰማል፥ ቀጥሎም ያንኑ መልስ በራሱ አፍ ደግሞ ይቀመጣል። የጠራውንም ከተማ በካርታው ላይ ቢያሳይ በአንድ ጥያቄ ሁለት ትምህርት ይሆናል።

ትምህርቱም ልጁ ከሚያውቀው ዓለም ቢጀምር ልቡ ይነቃል። በክፍል ውስጥ አንድ ቃል የማይወጣው እረኛ፥ በመስክ 30 ከብት በመልካቸው፥ በቀንዳቸውና በእናታቸው ለይቶ ያውቃል፤ አንዷ ብትጐድል ሳይቈጥር ያውቀዋል። ይህን የሚያህል ትዝታ ያለውን ልጅ አእምሮ የለውም ማለት ስሕተት ነው። አስተማሪው የማባዛትን ትምህርት በማያውቀው ብርቱካንና በማያውቀው ባቡር ከሚያስተምረው፥ በላምና በጥጃ፥ በቁናና በእንቅብ፥ በክንድና በስንዝር ያስተምረው። በአንድ ገበጣ ላይ 12 ጕድጓድ ቢኖርና በየጕድጓዱ 4 ጠጠር ቢደረግ ጠቅላላው ስንት ይሆናል ተብሎ ቢጠየቅ፥ ገበጣ የሚጫወት ልጅ 48 የሚለውን ከሰሌዳው ይልቅ ከእጁ ያገኘዋል። ስለ ሣርና ስለ ዛፍ ሲማሩም ከብት የትኛውን እንደሚበላ፥ የትኛውን እንደሚሸሽ እሱ ይንገራቸው። ምናልባት አስተማሪውም ያልሰማውን ነገር ይሰማ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ልጁ የሚያውቀው ነገር «ዕውቀት» ተብሎ እንደሚጠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል።

ታናሽን ማስተማርም ብዙ ልጆችን አንቅቷል። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግመው ልጅ ፊደል የሚቈጥረውን ያስቈጥር ነበር፤ የኔታም አንድ ሆነው ብዙ ልጅ የሚያስተምሩት በዚህ ሥርዓት ነው። የ4ኛ ክፍሉ ዝምተኛ ልጅ በእኩዮቹ ፊት ባይናገር፥ በ1ኛ ክፍል ሕፃናት ፊት አይፈራም፤ ከነሱ ይበልጣልና። በሳምንት ሁለት ቀን ሩብ ሰዓት ሦስት ሕፃናት ፊደል እንዲያስቈጥር ቢታዘዝ፥ የራሱ ጉድለት ሳይጋለጥ ይሞላል፥ ድምፁም ይከፈታል።

ስለ ሽልማት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ደግ አስተማሪ ከደመወዙ እርሳስና ከረሜላ ገዝቶ «የመለሰ ይወስዳል» ይላል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፥ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ አሜሪካውያን ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ፈትነው ነበር። ገና ሳይሥሉ ሽልማት ተስፋ የተሰጣቸው ሕፃናት፥ በኋላ ሽልማቱ በሌለበት ጊዜ ሥዕሉን ከቀድሞው ያነሰ ወደዱት፤ ምንም ተስፋ ያልተሰጣቸው ግን በፊተኛው ፍቅራቸው ቀጠሉ። ሥዕል ከጨረሱ በኋላ ሳያስቡት ሽልማት የተሰጣቸውም ፍቅራቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ለልጁ እርሳስ መስጠት ክፉ አይደለም፤ አስቀድሞ በዋጋ መዋዋል ነው ክፉው። ምስጋናም ሲሰጥ ለይቶ ይሁን። «ጐበዝ» የሚለው ቃል ለሁሉ ስለሚባል ለማንም አይገባም። «ትናንት ያሳትህን መበደር ዛሬ ሦስቱንም ጊዜ አልሳትከውም» የተባለ ልጅ ግን ምን እንዳደረገ፥ ነገም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ዓይን አፋሩን ልጅ በአደባባይ ብዙ ማመስገንም ያሸሸዋል፤ በደብተሩ ጠርዝ ላይ የተጻፈች አንዲት ቃል ትበልጥበታለች።

ወላጅን ማነጋገር ከሥራው ሁሉ የሚበልጥ ዘዴ ይሻል። አስተማሪ ወደ ቤታቸው ሲመጣ ወላጆች ክስ የመጣ ይመስላቸዋል። አባትየው ከደጅ ተቀብሎ «ምነው መምህር፥ ልጁ አስቸገረዎ እንዴ?» ይላል፤ ልጁም ከጓዳ ሆኖ ያዳምጣል። ያን ጊዜ አስተማሪው «የለም አባቴ፤ ስለ ከብት ያስተማረንን ልነግርዎ ነው የመጣሁት» ብሎ ቢጀምር የቤቱ መንፈስ ሁሉ ይለወጣል። ቡናው ከተጠጣ በኋላ የሚጠየቀውን መጠየቅ ይቻላል፤ ይኸውም ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፥ ከብቱን ተራ በተራ የሚጠብቅ ወንድም እንዳለው፥ በቤቱ ሐዘን ወይም ጠብ ገብቶ እንደ ሆነ ነው። እናቱ የሞተችበት፥ ወይም አባቱና እናቱ የተፋቱበት ልጅ ዝምታው ትምህርት ከመጥላት የመጣ አይደለምና፥ ለሱ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው በየጧቱ ስሙን ጠርቶ «እንደምን አደርክ?» የሚለው ሰው ነው። ማንበብ የማይችል አባትም ልጁን ሊረዳው እንደሚችል አስተማሪው ያስረዳው። ማታ ከእሳቱ ዳር «ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» ብሎ ማዳመጥ ፊደል ማወቅ አያስፈልገውም።

በአንድ ክፍል 60 ወይም 70 ልጅ ያለው አስተማሪ ይህን ሁሉ ሲያነብ «ለየትኛው ላዳርሰው?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው የሚገባ ነው። ለሁሉ በአንድ ጊዜ ማድረስ አይቻልም። በአንድ ወር ሁለት ልጆች ይምረጥ፤ ስማቸውን በትንሽ ደብተር ይጻፍ፤ ከስማቸው በታችም የሚያዩትን ነገር ብቻ ይመዝግብ። «ሰኞ፥ ሲጠራ ቀና አለ። ረቡዕ፥ ለአጠገቡ ልጅ እርሳስ አዋሰ። ዓርብ፥ የ7 ሲባዛ በ3ን መልስ በሹክሹክታ ተናገረ።» ይህ ደብተር ለበላይ የሚቀርብ አይደለም፤ ለውጡ ከዕለት ወደ ዕለት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ካልተጻፈ አይታይም፥ ያልታየም እንደ ሆነ አስተማሪው ተስፋ ይቈርጣል።

ምልክቱም ሁልጊዜ አስተማሪው እንደሚጠብቀው ሆኖ አይመጣም። ዝምተኛ የነበረው ልጅ አንድ ቀን ከአጠገቡ ልጅ ጋራ ሲያወራ ይያዛል፥ ወይም «የኔታ፥ በሰሌዳው ላይ የጻፉት ተሳስቷል» ይላል። በዚያች ሰዓት የሚቈጣ አስተማሪ የብዙ ወር ድካሙን ያፈርሳል። ሰሌዳውን ዘወር ብሎ ይመልከት፤ በእውነት ተሳስቶ እንደ ሆነ ጠመኔውን ለልጁ ይስጠውና እሱ ያርመው።